ጠባቂው ሴል ሲጠለፍ፦ የቫይረስ ፕሮቲኖች የመከላከያ ሴሎቻችንን ወደ ካንሰር የሚቀይሩበት መንገድ

ውድ እህት ወንድሞቻችን፣ በዚህ እትም የሳይንስ ትምህርት ዓምዳችን የምንመለከተው የጤና ሳይንስና የባዮሎጂ ተማሪዎቻችን ደጋግመው የሚጠይቁንን፣ ለሌሎቻችንም ቢሆን ከቤታችን ደጃፍ የማይርቅ ጉዳይ ነው። ቫይረስ ካንሰር ያመጣል ሲባል ምን ማለት ነው? ቫይረሱ ካንሰር የሚያመጣ ከሆነስ ካንሰር እንደ ጉንፋን ይተላለፋል ማለት ነው?

ትምህርታችንን በአንድ ንጽጽር እንጀምር። በገርጂ ወይም በአያት የሚያድግ ልጅና በጋምቤላ በባሮ ወንዝ አጠገብ የሚያድግ ልጅ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ሁለቱም ገና በሕፃንነታቸው ኤፕስታይን ባር በሚባል ቫይረስ ይያዛሉ። ከዚህ በኋላ በአጭሩ ኢ.ቢ.ቪ እንለዋለን። በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይህን ቫይረስ ይዘው ይኖራሉ። ይህን ጽሑፍ የምናዘጋጀውም የምታነቡትም ከሞላ ጎደል ሁላችንም በደማችን ውስጥ አለ። ነገር ግን ቡርኪት ሊምፎማ የተባለው የሕፃናት ካንሰር በሁለቱ ልጆች ላይ እኩል አይከሰትም። ቫይረሱ አንድ ሆኖ ሳለ ዕጣቸው ለምን ይለያያል? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ቫይረሱ የሚያርፍበትን ሴል ማወቅ አለብን።

ቢ ሴል በጤናው ጊዜ

በደማችን ውስጥ ካሉት ነጭ የደም ሴሎች መካከል ቢ ሴሎች አንዱ ወገን ናቸው። የሚፈጠሩት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ሲሆን ሥራቸው ፀረ እንግዳ አካል ማምረት ነው። እያንዳንዱ ቢ ሴል በላዩ ላይ አንድ ዓይነት ተቀባይ ይዞ ይዞራል። ለዚያ ተቀባይ የሚገጥም ተሕዋስ እስካልመጣ ድረስ ሴሉ ያርፋል እንጂ አይባዛም።

ቢ ሴል እንዲባዛ የሚፈቀድለት በሥርዓት ነው። ነገሩን በቀበሌ ጽሕፈት ቤት እንደሚሄድ ጉዳይ ልናየው እንችላለን። መጀመሪያ ማመልከቻ መቅረብ አለበት፤ ይህም ተሕዋሱ የሴሉን ተቀባይ ሲነካ የሚተላለፈው ምልክት ነው። ቀጥሎ የኃላፊ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚሰጠው ቲ ሴል የተባለው ሌላው የመከላከያ ሴል ነው። ቲ ሴሉ መጥቶ በቢ ሴሉ ላይ ያለውን ሲዲ 40 የተባለ ተቀባይ ሲነካ ፊርማው ገባ እንላለን። ሁለቱም ካልተሟሉ ጉዳዩ አይንቀሳቀስም። እንዲያውም ማመልከቻ ብቻ ቀርቦ ፊርማ ከሌለ ሴሉ ራሱን አጥፍቶ ይሞታል።

ይህ ጥብቅ ሥርዓት ያለ ምክንያት አልተዘረጋም። ሴል ያለ ፈቃድ ከተባዛ እሱ ራሱ ካንሰር ነው።

ሁለቱ ምልክቶች ሲሟሉ ቢ ሴሉ በንፍፊት ውስጥ ጀርሚናል ማዕከል ወደሚባል ስፍራ ይገባል። እዚያ በፍጥነት ይባዛል፤ ኤ.አይ.ዲ በተባለ ኢንዛይም አማካይነትም የራሱን ዲኤንኤ እየቆረጠና እየለወጠ የተሻለ ፀረ እንግዳ አካል ለመሥራት ይሞክራል። ይህን ኢንዛይም አስታውሱት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ቫይረሱ የተገኘበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1957 በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው አየርላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዴኒስ ቡርኪት መንጋጋው በብዙ ቦታ ያበጠ ሕፃን አየ። ብዙም ሳይቆይ ተመሳሳይ ሕፃናትን አገኘና በ1958 ስለ በሽታው ጽሑፍ አሳተመ። በ1961 ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሮጌ መኪና ከካምፓላ ተነስቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ አቅጣጫ 16,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዘ። በየሆስፒታሉ እየገባ ይህን እብጠት አይታችኋል ወይ እያለ ጠየቀ። ያገኘው መልስ ካርታ ሆነ። በሽታው የሚበዛው ሞቃት፣ እርጥበት ያለውና ዝቅተኛ በሆነ ምድር ነበር። በደጋው ላይ እምብዛም አልነበረም። ካርታው ከወባ ካርታ ጋር ተመሳሰለ።

በዚያው ዓመት ቡርኪት ለንደን ላይ ንግግር ሲያደርግ ከአድማጮቹ አንዱ አንቶኒ ኤፕስታይን ነበር። ከካምፓላ የእጢ ናሙና በአውሮፕላን እየተላከለት ለረጅም ጊዜ ቫይረስ ፈለገ፤ አላገኘም። በ1963 መጨረሻ ግን ናሙና የጫነው አውሮፕላን በጭጋግ ምክንያት ለንደን ማረፍ አቅቶት ወደ ማንቸስተር ዞረ። ናሙናው ዘግይቶ ሲደርስ ፈሳሹ ደፍርሶ ነበር። በባክቴሪያ ተበላሽቷል ተብሎ ከመጣሉ በፊት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ያደፈረሱት ከእጢው ተላቅቀው በሕይወት የሚንሳፈፉ ሴሎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሴሎቹን በቤተ ሙከራ ማሳደግ ተቻለ። ኤፕስታይን፣ ኢቮን ባርና የትሪኒዳድ ተወላጁ በርት አቾንግ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያዩትን ቫይረስ በመጋቢት 1964 አሳወቁ። በሰው ልጅ ላይ ከካንሰር ጋር የተያያዘ ቫይረስ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ሐሰተኛ ፊርማ እና ሐሰተኛ ማመልከቻ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንግባ። ኢ.ቢ.ቪ በምራቅ ይተላለፋል። በላዩ ላይ ያለው ጂፒ 350 የተባለ ፕሮቲን በቢ ሴል ላይ ካለው ሲዲ 21 ከተባለ ተቀባይ ጋር ይጣበቃል። ቀጥሎ ወደ ውስጥ ይገባና ዲኤንኤውን በሴሉ ኒውክሊየስ ውስጥ እንደ ክብ ቀለበት ያስቀምጣል።

ብዙ ቫይረሶች ከገቡ በኋላ ሴሉን ተባዝተውበት ይገድሉታል። ኢ.ቢ.ቪ ግን ሴሉን ማኖር ይፈልጋል፤ የሚኖርበት ቤት ስለሆነ። ስለዚህ ከብዙ ጂኖቹ መካከል ጥቂቶቹን ብቻ ከፍቶ የሚከተሉትን ፕሮቲኖች ያሠራል።

ኤል.ኤም.ፒ 1፦ ይህ ፕሮቲን በሴሉ ሽፋን ላይ ተተክሎ የሲዲ 40ን ሥራ ይሠራል። ልዩነቱ ቲ ሴል እስኪነካው የማይጠብቅ መሆኑ ነው። ሁልጊዜ እንደበራ መብራት ነው። በውስጥ በኩል ኤን.ኤፍ ካፓ ቢ የተባለውን የእድገትና የሕልውና መንገድ ያለማቋረጥ ያነቃቃል። በምሳሌያችን ኃላፊው በሌለበት የሚመታ ሐሰተኛ ፊርማ ነው።

ኤል.ኤም.ፒ 2ኤ፦ ይህ ደግሞ የቢ ሴሉን ተቀባይ ምልክት ይመስላል። ምንም ተሕዋስ ሳይመጣ ተሕዋስ የመጣ ያህል ሴሉ እንዲኖር ያደርጋል። ሐሰተኛው ማመልከቻ እሱ ነው።

ኢ.ቢ.ኤን.ኤ 2፦ ይህ ኒውክሊየስ ውስጥ ገብቶ የጂኖችን ማብሪያ ማጥፊያ ይይዛል። ኖች የተባለው የሴሉ መልእክት መንገድ የሚጠቀምበትን ፕሮቲን እሱም ይጠቀምበታል። በዚህም የሴል እድገትን የሚመራውን ሚክ የተባለ ጂን ያበራል። ኤል.ኤም.ፒ 1ን ራሱንም ያስነሳል።

ኢ.ቢ.ኤን.ኤ 3ኤ እና 3ሲ፦ የሴሉን ፍሬን የሚያላሉ ናቸው። ሴል ከልክ በላይ ሲባዛ የሚያቆመውን ፒ 16 የተባለ ፕሮቲን፣ እንዲሁም ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያደርገውን ቢም የተባለ ፕሮቲን እንዳይሠሩ ያፍናሉ።

ኢ.ቢ.ኤን.ኤ 1፦ የቫይረሱን ዲኤንኤ ከሴሉ ክሮሞሶም ጋር ያያይዛል። ሴሉ ለሁለት ሲከፈል የቫይረሱ ዲኤንኤም አብሮ እንዲካፈል ያደርጋል። ከዚህም በላይ በውስጡ ያለው የግላይሲንና የአላኒን ድግግሞሽ ቲ ሴሎች በቀላሉ እንዳያዩት ይጋርደዋል።

እነዚህ አንድ ላይ ሲሠሩ ውጤቱ አስደናቂ ነው። በቤተ ሙከራ ውስጥ ያረፉ ቢ ሴሎች ላይ ኢ.ቢ.ቪ ቢጨመር በሳምንታት ውስጥ ያለ ገደብ የሚባዙ ሴሎች ይሆናሉ። ተመራማሪዎች ትራንስፎርሜሽን የሚሉት ይህንን ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ቫይረሱ አዲስ የእድገት መንገድ አልፈጠረም። ሰውነታችን ለጥበቃ ያዘጋጀውን መንገድ በሐሰተኛ ሰነድ ከፈተው እንጂ።

ታዲያ ሁላችንም ለምን አልታመምንም?

ይህ ተማሪዎች በትክክል የሚያነሱት ጥያቄ ነው። መልሱ ሁለት ክፍል አለው።

አንደኛ፣ እነዚህ ፕሮቲኖች ለቲ ሴሎች በግልጽ የሚታዩ ናቸው። ገዳይ ቲ ሴሎች ሐሰተኛ ሰነድ የያዘውን ቢ ሴል ለይተው ይገድሉታል። ሁለተኛ፣ ቫይረሱ ራሱ ብልህ ነው። ሴሉን ወደ ማስታወሻ ቢ ሴልነት ካደረሰው በኋላ ፕሮቲኖቹን ሁሉ አጥፍቶ ዝም ይላል። ያለ ፕሮቲን ስለሚቀመጥ አይታይም፤ ካልታየም አይገደልም። በዚህ ሁኔታ ሰውና ቫይረስ ዕድሜ ልካቸውን አብረው ይኖራሉ።

እንግዲህ ካንሰር የሚመጣው ይህ ሚዛን ሲናጋ ነው። በአገራችን ሚዛኑን የሚያናጉ ሁለት ነገሮችን እናንሳ።

ወባ እና የቡርኪት ሊምፎማ

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ጋምቤላ ከተማ ግን ወደ 500 ሜትር ገደማ ናት። በአገራችን ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ያለ በሽታ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። በአገራችን ወባን የሚያመጡት በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ። ከቡርኪት ሊምፎማ ጋር የተያያዘው ፋልሲፓረም ነው።

ፋልሲፓረም በተደጋጋሚ የሚይዘው ሕፃን ቢ ሴሎቹ ዕረፍት አያገኙም። ጀርሚናል ማዕከሎቹ ሁልጊዜ በሥራ ላይ ናቸው። ቀደም ብለን አስታውሱት ያልነው ኤ.አይ.ዲ ኢንዛይም ከልክ በላይ ይሠራል። ይህ ኢንዛይም ዲኤንኤ ቆራጭ በመሆኑ አንዳንድ ጊዜ ያልታዘዘውን ይቆርጣል። የተቆረጡት ጫፎች ሲገጣጠሙ በክሮሞሶም 8 ላይ ያለው ሚክ ጂን በክሮሞሶም 14 ላይ ካለው የፀረ እንግዳ አካል ጂን ጎን ይለጠፋል። በቢ ሴል ውስጥ የፀረ እንግዳ አካል ጂን ሁልጊዜ የሚበራ ነው። ስለዚህ አጠገቡ የተለጠፈው ሚክም ሳያቋርጥ ይበራል። ሴሉ መባዛቱን ማቆም ያቅተዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚደናገርበት ነጥብ አለ። በቡርኪት ሊምፎማ ሴሎች ውስጥ ኤል.ኤም.ፒ 1ም ኢ.ቢ.ኤን.ኤ 2ም በአብዛኛው አይገኙም። የሚገኘው ኢ.ቢ.ኤን.ኤ 1 ነው። ታዲያ የቫይረሱ ሚና ምንድን ነው? ሚክ ከልክ በላይ ሲበራ ጤነኛ ሴል አደጋ መድረሱን አውቆ ራሱን ያጠፋል። ቫይረሱ በያዘው ሴል ውስጥ ግን ይህ ራስን የማጥፋት መንገድ ተዳክሟል። ቫይረሱ ሴሉን እንዳይሞት ይደግፈዋል፤ ሚክ ደግሞ ያስሮጠዋል። ሐሰተኛው ፊርማ ከእንግዲህ አያስፈልግም፤ ጉዳዩ አንዴ አልፏልና። የሚታዩት ፕሮቲኖች በመጥፋታቸውም ቲ ሴሎች ሴሉን ለይተው መግደል ይቸገራሉ። ወባም ራሱ በኢ.ቢ.ቪ ላይ ያነጣጠሩትን ቲ ሴሎች ያዳክማል።

የገርጂው ልጅና የጋምቤላው ልጅ ዕጣ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቫይረሱ አንድ ነው፤ ተደጋጋሚው ወባ ግን አንዱን ብቻ ያገኘዋል። ይህ ማለት በደጋ የሚኖር ልጅ ቡርኪት ሊምፎማ አይዘውም ማለት አይደለም፤ ዕድሉ ያንሳል ማለት ነው። ወባን መከላከልም ከትኩሳት ብቻ ሳይሆን ከዚህ ካንሰርም መከላከል መሆኑን እንገንዘብ።

ኤች.አይ.ቪ እና የቲ ሴሎች መዳከም

ሁለተኛው ሚዛን አናጊ ኤች.አይ.ቪ ነው። በኢትዮጵያ የኤች.አይ.ቪ ምልክት በደም ናሙና ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1986 ታወቁ። ኤች.አይ.ቪ ሲዲ 4 ቲ ሴሎችን ይጨርሳል። የሐሰተኛ ሰነድ ተቆጣጣሪዎች ሲያልቁ ኤል.ኤም.ፒ 1ን በግልጽ የሚያሠሩ ቢ ሴሎች እንኳ ያለ ከልካይ ይባዛሉ። ኤች.አይ.ቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ ሊምፎማ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በአገራችን የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነፃ መሰጠቱ ሕይወት ያተረፈው ቲ ሴሎችን በመመለስ ጭምር ነው።

ከከተማችን በደቡብ ምሥራቅ በኩል በአቃቂ፣ እንዲሁም በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞች በፈቃዳቸው የተሳተፉበት የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት እዚህ ላይ ሊነሳ ይገባል። በ1990ዎቹ የተጀመረው ይህ ምርምር ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ከጤነኛ ሆላንዳውያን ያነሰ የሲዲ 4 ሴል ቁጥር እንዳላቸውና የመከላከያ ሴሎቻቸው ይበልጥ የነቁ እንደሆኑ አሳይቷል። በመጽሐፍ ላይ የምናነበው መደበኛ ቁጥር ሁሉ በእኛ ደም የተለካ አለመሆኑን ለምናጠና ተማሪዎች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ቫይረስ ብቻውን አይበቃም

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። ካፖሲ ሳርኮማን የሚያመጣው ኤች.ኤች.ቪ 8 የተባለው የኢ.ቢ.ቪ ዘመድ በ1994 ነው የተገኘው። እሱም ቢ ሴሎችን ይይዛል፤ ላና የተባለ ፕሮቲኑ እንደ ኢ.ቢ.ኤን.ኤ 1 ዲኤንኤውን ከክሮሞሶም ጋር ያያይዛል። ወደ እስራኤል በሄዱ ኢትዮጵያውያን ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ቫይረሱ በብዛት ቢገኝባቸውም ካፖሲ ሳርኮማ ግን እንዳልታየባቸው ዘግቧል።

በቲ ሴሎች በኩል ደግሞ ኤች.ቲ.ኤል.ቪ 1 አለ። ታክስ የተባለው ፕሮቲኑ ልክ እንደ ኤል.ኤም.ፒ 1 ኤን.ኤፍ ካፓ ቢን ያነቃቃል። ያም ሆኖ ከተያዙት ሰዎች ሉኪሚያ የሚይዛቸው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ ያውም ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ።

ከሁሉም የምንወስደው ቁም ነገር አንድ ነው። የቫይረስ ፕሮቲን በሩን ይከፍታል። በሩ ለካንሰር እንዲያገለግል ግን ሌላ ነገር መጨመር አለበት፤ የጂን መሰበር፣ የመከላከያ መዳከም፣ ወይም ዘመን።

ለኑሯችን ምን ይጠቅመናል?

በጀመዓችን ከተነሱ ጥያቄዎች ሦስቱን እንመልስ።

በኢፍጣር ጊዜ በአንድ ሳህን መብላታችንና በአንድ ኩባያ መጠጣታችን ካንሰር ያመጣል ወይ? አያመጣም። ቫይረሱን ሁላችንም ከሞላ ጎደል በልጅነታችን አግኝተነዋል። ዛሬ ማዕድ ብንለያይ የሚቀየር ነገር የለም።

ካንሰር ያለበት ልጅ ጋር መቀመጥ፣ መተቃቀፍ፣ መጫወት ያስፈራል ወይ? በፍጹም አያስፈራም። የካንሰር ሴል ከሰው ወደ ሰው እንዲህ አይሻገርም። ከሩቅ ክፍለ ሀገር ልጃቸውን ለሕክምና ይዘው አዲስ አበባ የመጡ ወላጆች ቤት ለመከራየት ሲቸገሩ፣ ጎረቤት ልጆቹን ሲያርቅባቸው እናያለን። ይህን የሚያደርገው ክፋት ሳይሆን አለማወቅ ከሆነ ማሳወቁ የተማረው ሰው ድርሻ ነው።

በሽታውን እንዴት እናውቀዋለን? ቡርኪት ሊምፎማ በአፍሪካ ሕፃናት ላይ ብዙ ጊዜ በመንጋጋ እብጠትና በሚነቃነቅ ጥርስ፣ አንዳንዴም በሆድ እብጠት ይጀምራል። የጥርስ ሕመም ነው፣ ቡዳ ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው እየተባለ ጊዜ ያልፋል። ጊዜ ደግሞ የዚህ በሽታ ቁልፍ ነው። እጢው በአንድ እና በሁለት ቀን ውስጥ በእጥፍ ሊያድግ ይችላል። ይህ ፍጥነቱ ሌላ ገጽታም አለው፤ በፍጥነት የሚባዛ ሴል በኬሞቴራፒ በቀላሉ ይመታል። የሕክምና አቅም ባላቸው አገሮች ከአሥር ሕፃናት ዘጠኝ ያህሉ ይድናሉ። በአፍሪካ ቁጥሩ የሚያንሰው ሕፃናቱ ዘግይተው ስለሚደርሱ፣ ሕክምናውንም ስለሚያቋርጡ ጭምር ነው። በአገራችን በጥቁር አንበሳ፣ በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች የሕፃናት ካንሰር ሕክምና ይሰጣል።

ዱዓ ማድረግና ሐኪም ዘንድ መሄድ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ቁርኣን የሚቀራበት ልጅ ሐኪም ዘንድም ይሂድ። የዘገየ ሳምንት አይመለስም።

ከእኛ የሚጠበቀውም ከባድ አይደለም። በክረምት ዕረፍት ወደ ቆላው አገር የምትሄዱ እህት ወንድሞች፣ መንጋጋው ያበጠ ልጅ ካያችሁ ወላጆቹን ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱ። የአጎበር አጠቃቀምን በየቤታችሁ አስረዱ። አዲስ አበባ የምንቀር ደግሞ ደም እንለግስ፤ ኬሞቴራፒ የሚወስድ ሕፃን መቅኔው ስለሚዳከም ደም ያስፈልገዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኤል.ኤም.ፒ 1 የሲዲ 40ን ሥራ ይሠራል ስንል ምን ማለታችን ነው? ዋናው ልዩነታቸውስ?
2. በቡርኪት ሊምፎማ ውስጥ ኤል.ኤም.ፒ 1 ከሌለ ሴሉን የሚያስሮጠው ምንድን ነው?
3. ወባ ሚዛኑን የሚያናጋባቸውን ሁለት መንገዶች አብራሩ።
4. ቫይረሱን ከሚይዙት ሰዎች አብዛኞቹ ካንሰር አይይዛቸውም። ይህን ለአንድ ላልተማረ ጎረቤት በራሳችሁ ቃል እንዴት ታስረዳላችሁ?

አራተኛውን ጥያቄ በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በተግባር እንድትመልሱት አደራ እንላለን። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እትም እንገናኝ።